በተራራ መንገድ ላይ የተደረገ የአምስት ደቂቃ ስብሰባ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



ከሕንድ ከተመለስን ጀምሮ "ስለ ጉዟችሁ መቼ ነው የምትነግሩን?" እያላችሁ ስትጠይቁን ቆይታችኋል። ፎቶውን ብዙዎቻችሁ በስልክ አይታችሁታል። ከኋላ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከፊቱ ትንሽ የድንጋይ ቤተ መቅደስ፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ በጋቢና በጃኬት የተጠቀለልን ሦስት ሴቶች አለን። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን በፎቶው ላይ የማይታየውን ነው። ፎቶው ከመነሳቱ ሁለት ሰዓት ያህል በፊት መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ያደረግነው ስብሰባ አለ። ከዚያ ስብሰባ የተነሳ በመጨረሻ አንድ ሐሳብ እናቀርብላችኋለን፤ ድምፅ እንድትሰጡበትም እንለምናችኋለን።

እንደምታውቁት ሦስታችን፣ ማለትም ገንዘብ ያዧ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋና ኦዲተሯ፣ ለአራት ሳምንት ሥልጠና ዴልሂ ነበርን። ሥልጠናው ስለ ሴቶች የቁጠባና የብድር ቡድኖች መዝገብ አያያዝ ነበር። አብራን የተማረች አንዲት ሕንዳዊት እህት ነበረች። አገሯ ከዴልሂ በስተሰሜን፣ በሂማላያ ተራሮች ላይ ያለው የኡታራካንድ ክፍለ ግዛት ነው። ሥራዋ የመንደር ሴቶች ቡድኖችን መዝገብ መመርመር ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተግባባን። ሥልጠናው ሲያልቅ ለመመለሻችን አምስት ቀን ቀርቶ ነበር። "ገበያ ለገበያ ከምትዞሩ ኑና አገሬን ላሳያችሁ" አለችን። ከውሎ አበላችን የተረፈውን አዋጣንና አንድ የጋራ ቦርሳ አበጀን። ሦስታችንም የሒሳብ ሰዎች ስለሆንን ለቦርሳው ደብተር ከፈትንለት።

ከዴልሂ ሪሺኬሽ እስከምትባለው ከተማ በሌሊት አውቶቡስ ሄድን። ከዚያ በኋላ ሜዳ የሚባል ነገር አለቀ። መንገዱ ወንዝ እየተከተለ በገደሉ ወገብ ላይ ይጠመዘዛል። ዴቭፕራያግ ላይ አላክናንዳና ባጊራቲ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ሲገናኙ አየን። የውኃቸው ቀለም ይለያያል፤ ከተቀላቀሉ በኋላ ነው ጋንጀስ የሚል ስም የሚያገኙት። ሩድራፕራያግ ስንደርስ ደግሞ ማንዳኪኒ የሚባለው ወንዝ ይገባል። አስተናጋጃችን እዚያ መኪናውን አስቆመችና ወደ ላይ ጠቆመችን። ወንዙ የሚነሳው ኬዳርናት ከሚባለው ታላቅ ቤተ መቅደስ በላይ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር ከባድ ዝናብ ዘንቦ ከላይ ያለ ሐይቅ ተደረመሰ፤ ጎርፉም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጨረሰ። ቤተ መቅደሱ የተረፈው ከበስተኋላው ተንከባሎ የመጣ ትልቅ ቋጥኝ ጎርፉን ለሁለት ስለከፈለለት ነው። በዚያ አካባቢ ብዙ ወንዶች የሚኖሩት ከምዕመናን በሚያገኙት ገቢ ነው። በቅሎ ይጭናሉ፣ ሻይ ይሸጣሉ፣ ሰው ያሳድራሉ። ስለዚህ በዚያች በአንድ ሳምንት ብዙ ሴቶች ባሎቻቸውንም የቤታቸውን ገቢም አጡ። "የሴቶች ቡድኖች ለምን እንደሚያስፈልጉ እዚህ አገር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም" አለችን።

ያደርነው እናቷ ቤት ነበር። ወሩ ጥቅምት ስለነበረ በየተረተሩ ሴቶች ለክረምት የሚሆን ሣር እያጨዱ በጀርባቸው ያወርዳሉ። በየእርከኑ ላይ ደግሞ ቀይ ዘለላ ያለው ሰብል አለ፤ እኛ አገር በአንዳንድ ቦታ አሉማ የሚሉት ነው። ፍሬው ከጤፍ ጥቂት ከፍ ይላል። ያንን ፍሬ ፈንድሻ አድርገው ከስኳር ጋር ያድቦለቡሉትና ላዱ የሚባል ጣፋጭ ይሠሩበታል። የዚያ ወረዳ የሴቶች ቡድኖች ላዱውን ለኬዳርናት ምዕመናን መባ እንዲሆን ያቀርባሉ። ድሮ ምዕመኑ ከሩቅ ከተማ በመጣ ጣፋጭ ይሳለም ነበር፤ አሁን የመባው ገንዘብ ቢያንስ በከፊል በመንደሩ ይቀራል። ለእራት የቀረበልን ቂጣ ደግሞ ጥቁር ነበር። ታላቃችን አንድ ጊዜ ጎርሳ "ይሄማ ዳጉሳ ነው!" አለች። እውነትም ዳጉሳ ነው፤ እነሱ ማንዱዋ ይሉታል። ዳጉሳ መጀመሪያ የተላመደው በእኛው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ እንደሆነ፣ ወደ ሕንድ የተሻገረውም ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት እንደሆነ በሥልጠናው ላይ ሰምተን ነበር። እናትየው ይህን ሲሰሙ "እንግዲያው እንግዳ አይደላችሁም" ብለው አንድ ተጨማሪ ቂጣ ጣሉብን።

ከእራት በኋላ ቡድናቸው ተሰበሰበ። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው። ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ መሐላቸው አንድ የብረት ሣጥንና ሦስት ደብተር አለ። በሕንድ እንዲህ ያሉ ቡድኖች ከአሥር እስከ ሃያ ሴት ይይዛሉ። የእርሻና የገጠር ልማት ባንካቸው ናባርድ በ1992 እ.ኤ.አ. በ500 ቡድኖች ሙከራ ጀምሮ ከባንክ ጋር ሲያገናኛቸው ቆይቷል፤ ዛሬ ቁጥራቸው በሚሊዮን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሴቶቹ መጀመሪያ ለስድስት ወር ያህል የራሳቸውን ገንዘብ ይቆጥባሉ፣ እርስ በርስም ይበዳደራሉ። ከዚያ ባንኩ ደብተራቸውን አይቶ ለቡድኑ ያበድራል። ቤት ወይም መሬት ማስያዣ አይጠይቅም፤ ዋስትናው ደብተሩ ነው። አምስት ደንብ አላቸው፤ ፓንቻ ሱትራ ይሉታል። ፓንቻ አምስት ነው፣ ሱትራ ክር ማለት ነው። አምስቱ ክሮች እነዚህ ናቸው፦ ሳይቋረጥ መሰብሰብ፣ ሳይቋረጥ መቆጠብ፣ ሳይቋረጥ እርስ በርስ መበዳደር፣ በጊዜው መክፈል፣ ደብተርን በየጊዜው መሙላት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው እኛ ለዚህ ክር እንግዳ ልንሆን አይገባም ነበር።

ሦስተኛውን ክር ልብ በሉልን። "የቸገራት ትበደር" አይልም። "ሳይቋረጥ መበዳደር" ነው የሚለው።

በዚያ ምሽት አንዷ ለልጇ ትምህርት ቤት፣ አንዷ ለላም፣ አንዷ ለጥርሷ ሕክምና ጠየቀች። የጠየቀችው ትናገራለች፣ ሌሎቹ ይጠይቋታል፣ ይወሰናል፣ ይጻፋል፤ ለሦስቱም ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ማንም ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩና "የእናንተስ?" አሉን። እኛም በኩራት ነገርናቸው። የእድር፣ የቁጠባ፣ የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ እንዳለን፣ የአስቸኳይ ጊዜው ፈንድ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይነካ ባንክ እንደተቀመጠ ተናገርን። አስተናጋጃችን ተረጎመችላቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አንዲት አሮጊት "ሦስት ዓመት ሙሉ ከእናንተ ማንም አልታመመም?" ብለው ጠየቁ።

ሳቅን። "ታመዋል እንጂ" አልናቸው። "ታዲያ ገንዘቡ የማን ነው?" አሉን።

መልስ አላገኘንላቸውም። ታላቃችን ያን ጊዜ አንገቷን ደፍታ የቂጣዋን ጠርዝ ትቆራርስ ነበር። እኛ መንገዱ አድክሟት መስሎን ነበር።

በማግስቱ ቾፕታ ወደምትባል ቦታ ሄደን አደርን። ወደ ቱንግናት ቤተ መቅደስ የእግር መንገዱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለ ቤተ መቅደሱ አስተናጋጃችን የነገረችንን ባጭሩ እንንገራችሁ። ሂንዱዎች ሺቫ ለሚሉት አምላካቸው በእነዚያ ተራሮች ላይ አምስት ቤተ መቅደሶች አሏቸው፤ አምስቱ ኬዳር ይባላሉ። ታሪኩ ማሃባራታ ከሚባለው ታላቅ የጦርነት ታሪካቸው ይነሳል። አምስቱ የፓንዳቫ ወንድማማቾች በጦርነቱ የገዛ ዘመዶቻቸውን ከገደሉ በኋላ ይቅርታ ፍለጋ ሺቫን ተከተሉት። እሱ ግን ሊያያቸው ስላልፈለገ በሬ ሆኖ ተደበቀ፣ መሬት ውስጥም ገባ። ኋላ አካሉ በአምስት ቦታ ብቅ አለ ይላሉ፤ ሻኛው በኬዳርናት፣ ክንዶቹ በቱንግናት፣ የቀረውም በሦስቱ ሌሎች ቦታዎች። ቱንግናት ከአምስቱ ከፍተኛው ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,680 ሜትር ነው። በዓለም ካሉት የሺቫ ቤተ መቅደሶች ከፍተኛው ነው ይሉታል። ክረምታቸው ሲገባ በረዶ መንገዱን ስለሚዘጋው ይዘጋል፤ የአምላካቸውም ምስል ማኩማት ወደምትባል መንደር በሰልፍ ወርዶ እዚያ ይከርማል። ቄሶቹም የዚያችው መንደር ሰዎች ናቸው። እኛ የደረስነው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው።

ቾፕታ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ እስከ ቤተ መቅደሱ መንገዱ አራት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግን አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል። እኛ ደግሞ ኮርተን ነበር። "የአዲስ አበባ ልጆች ነን፣ እንጦጦን ስንወጣ ነው ያደግነው፣ ሁለታችን ግሸን ማርያምን ተሳልመናል" አልን። አንድ ወር ሙሉ ዴልሂ ሜዳ ላይ መክረማችንን ረሳነው። ከእናንተ ወደ ከፍታ የምትሄድ ካለች ከእኛ ትማር፦ ቀስ ብላ ትውጣ፣ ውኃ ትጠጣ፣ ራሷን ካመማትና ካቅለሸለሻት ወደ ላይ አትቀጥል። ታናሻችን መጀመሪያ ላይ እየሮጠች ወጥታ ራሷን ያዛት፤ ቁጭ ብላ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ቀስ ስትል ተሻላት።

የተነሳነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው። መቸኮሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ አካባቢ ተራራው የሚታየው ማለዳ ነው። ብዙ ጊዜ ረፋዱ ላይ ደመና ከሸለቆው ይነሳና ሁሉንም ይሸፍነዋል፤ ምንም ሳያዩ የሚመለሱ ብዙ ናቸው። መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ በባትሪ ብርሃን ወጣን። ጫካው አልቆ ሣሩ ሲጀምር ጎሕ ቀደደ። ያን ጊዜ ነው ዘወር ስንል ታላቃችንን ያጣናት።

ወርደን አገኘናት። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ይዛለች። ስንደርስ እጇን አነሳችና ፈገግ አለች። "እናንተ ሂዱ፣ ደመናው ሳይቀድማችሁ። እኔ እዚህ ሆኜ እጠብቃችኋለሁ፤ ከዚህም ይታየኛል" አለች። የሚታያት ግን ከፊቷ ያለው ተረተር ብቻ ነበር።

በዚያው ቅጽበት አንድ ባለ በቅሎ ባዶ በቅሎውን እየነዳ ከታች መጣ። የደከመው ሰው ፍለጋ በማለዳ የሚወጡ አሉ። አስተናጋጃችን ዋጋውን ተነጋገረችለት። ለሦስታችን ለዚያ ቀን ምሳና እራት ከመደብነው ጋር እኩል ነበር። "ይከፈላል፣ ውጪ" አልናት። "በፍጹም" አለች። "የእናንተን ምግብ በልቼ በቅሎ ላይ ልቀመጥ?" "እኛ እኮ ነን ፈቃደኞቹ፣ ስጦታ ነው" አልናት። ይባስ ብላ ፊቷን አዞረች። ባለ በቅሎው ቆሞ ይጠብቃል። ፀሐይዋ እየወጣች ነው። ለመንናት፣ ተቆጣናት፣ ታናሻችን እንዲያውም አለቀሰች።

ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። ይህን እንድንነግራችሁ ፈቅዳልናለች፤ እሷው ራሷ ከፊት ወንበር ተቀምጣ እየሰማችን ነው።

"ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ነው ያደረግሁት" አለች። ባለፈው ዓመት ልጇ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሄደን ጠይቀናል፣ ብርቱካንም ወስደናል። የማናውቀው ግን የሕክምናውን ለመክፈል የእናቷን የወርቅ ሐብል እንደሸጠች ነው። ወርቅ ደግሞ እንደምታውቁት በኋላ ዋጋው ወጣ፤ ዛሬ በዚያ ብር ግማሹንም አትገዛበትም። ሐብሉን በሸጠችበት ሳምንት የማኅበራችን ቼክ በእሷ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ገንዘብ ያዣችን ናት። የፈንዱን ቁልፍ የያዘችው ሴት ከፈንዱ አንድ ብር አልጠየቀችም።

"ለምን?" አልናት። "መመሪያውን አንብቡት" አለች። "'ችግር ለደረሰባት አባል የሚሰጥ እርዳታ' ነው የሚለው። ስሜ 'ችግረኛ አባል' ተብሎ በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍ አልፈለግሁም። ለሌሎች ቼክ የምፈርም ሰው ነኝ።"

እህቶቻችን፣ ያንን መመሪያ የጻፍነው እኛ ነን። በየዓመቱ እዚህ መድረክ ላይ ቆመን "የአስቸኳይ ጊዜ ፈንዳችን ሳይነካ ተቀምጧል" ስንል የኖርነውም እኛ ነን። እናንተም አጨብጭባችኋል። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ግን ያ ያልተነካ ገንዘብ የማን ሐብል፣ የማን ላም፣ የማን ከአራጣ አበዳሪ የተወሰደ ብድር እንደሆነ በመዝገባችን ላይ አይታይም። የአሮጊቷ ጥያቄ ያን ጊዜ ገባን።

መፍትሔውን ያገኘችው አስተናጋጃችን ናት። ሐብሉን እንደሸጠች ስንተረጉምላት ትንሽ አሰበችና "ስጦታ አትስጧት፤ አበድሯት። ስብሰባ አድርጉ" አለች። መጀመሪያ የቀለደች መስሎን ነበር። ግን ታላቃችን ቀና ብላ አየቻት። ታናሻችን ደብተሯን አወጣች። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥንና ስብሰባው ተከፈተ። አባላት ሦስት፣ የተገኙ ሦስት፣ ታዛቢ አንድ። አጀንዳ፦ የበቅሎ ኪራይ ብድር። ታላቃችን ጥያቄዋን አቀረበች፦ "ጉልበቴን አሞኛል። ተራራውን ማየት እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ስገባ በሁለት ወር፣ በሁለት ጊዜ እከፍላለሁ።" ተጠየቀች፣ ተወሰነ፣ ተጻፈ፣ ፈረመች። ስብሰባው በአምስት ደቂቃ ተዘጋ። ባለ በቅሎው ስቆ አላባራም። እሷም ተነስታ በቅሎዋ ላይ ወጣች። ስጦታ ሲሆን እንቢ ያለችውን ብድር ሲሆን ተቀበለችው። ከስጦታው ጋር የሚመጣው ሐፍረት ከብድሩ ጋር አልመጣም።

አያቶቻችን በቅሎን የሹም መቀመጫ ያደረጉት ያለ ነገር አይደለም። ገና ጥቂት ሳንርቅ አልፋን ሄደች። እኛ እያለከለክን ስንደርስ እሷ ሻይ ይዛ ትጠብቀን ነበር፤ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር።

አሁን ስላየነው እንንገራችሁ። ቤተ መቅደሱ ትንሽ ነው፤ ከግራጫ ድንጋይ የተካበ፣ ከላይ እንደ ግንብ የሾለ ነው። በደጁ የድንጋይ በሬ ወደ ውስጥ እያየ ተኝቷል፤ የሺቫ በሬ ናንዲ ነው። ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ይሉታል። የሕንድ የቅርስ መሥሪያ ቤት በቅርብ ዓመታት ሲመረምረው ሕንፃው ከአምስት እስከ ስድስት ዲግሪ ያህል ማዘንበሉን አግኝቷል። ጫማ አውልቀን ግቢው ውስጥ ቆምን፤ ጫማ ማውለቅን ከእኛ አገር ይዘነው ሄደናል። ሁለታችን ኦርቶዶክስ፣ ታናሻችን ሙስሊም ስለሆንን ወደ ውስጥ አልገባንም፤ ማንም አልተቀየመንም። አስተናጋጃችን ገብታ ደወሉን መትታ ጸልያ ወጣች። የእናቷን ቡድን ላዱ በሁለት ጥቅል ለይታ ይዛ መጥታ ነበር። አንዱን መባ አደረገችው። ሌላውን "ይህ ለአምላኬ ያልቀረበ ነው፤ ያለ ሐሳብ ብሉ" ብላ ሰጠችን። ምን እንደሚያስጨንቀን ሳንነግራት ከሌሊት ጀምሮ አስባበት ነበር።

ተራሮቹስ? ከቤተ መቅደሱ በስተሰሜን ቻውካምባ ይቆማል፤ ስሙ አራት ምሰሶ ማለት ነው፣ አራት ጫፍ አለው፣ ቁመቱ 7,138 ሜትር ነው። ኬዳርናት የሚባለው ተራራ 6,940 ሜትር ነው። በምሥራቅ በኩል ናንዳ ዴቪ አለች፤ 7,816 ሜትር ናት፣ ስሟም የሴት አምላካቸው ስም ነው። የእኛ ራስ ዳሸን 4,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ የምታዩት ነገር በአሳብ አይገባም። መጀመሪያ ደመና መስሎን ነበር፤ ደመና የሚሆነውን ከፍታ አልፈን ቀና ብለን ስናይ ነው ድንጋይና በረዶ መሆኑን ያመንነው። ታላቃችን ምንም አልተናገረችም፤ ሻይዋን ይዛ ዝም ብላ ታይ ነበር። ፎቶው የተነሳው ያን ጊዜ ነው። አራት ሰዓት ሳይሞላ ደመናው ከሸለቆው ተነሳና ሁሉንም ከለለው። ድንጋዩ ላይ ትተናት ሄደን ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት ከዚያ ድረስ ሄዳ ያየችው አንድ ተረተር ብቻ ይሆን ነበር። ይህንንም ለማንም አትነግርም ነበር፤ እንደ ሐብሉ።

ስንመለስ በሌላ መንገድ፣ በጎፔሽዋር በኩል ወረድን። ማንዳል የምትባል መንደር አለፍን። በ1973 እ.ኤ.አ. የመንደሩ ሰዎች ዛፋቸውን ሊቆርጥ የመጣውን ኩባንያ ዛፉን በማቀፍ እንከላከላለን ብለው የመለሱባት ናት፤ ቺፕኮ የተባለው እንቅስቃሴ የተነሳው ከዚያ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት ወር በዚያው ወረዳ ሬኒ በምትባል መንደር ወንዶቹ ለጉዳይ ወደ ከተማ በሄዱበት ቀን እንጨት ቆራጮች መጡ። ጋውራ ዴቪ የምትባል መበለት የመንደሩን ሴቶች ሰብስባ በዛፎቹና በመጥረቢያው መሐል ቆመች፤ ቆራጮቹም ተመለሱ። ጋውራ ዴቪ የመንደሯ የሴቶች ማኅበር መሪ ነበረች። ሴቶቹ በዚያ ቀን በጥሪ የተሰበሰቡት ቀድሞም የመሰብሰብ ልማድ ስለነበራቸው ነው ብለን እናምናለን። የመበደርም ልማድ እንዲሁ ነው፤ በቸገረ ቀን የሚጀመር አይደለም።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። ሦስት ነጥብ አለው።

አንደኛ፣ "ችግር ለደረሰባት አባል የሚሰጥ እርዳታ" የሚለው ከመመሪያችን ይውጣ። "የአባላት አስቸኳይ ብድር" ይባል። ሁለተኛ፣ የፈንዱ አንድ ሦስተኛ ለድንገተኛ ነገር ሳይነካ ይቀመጥ። የቀረው ሁለት ሦስተኛ በየወሩ ስብሰባ ለጠየቀች አባል ሁሉ በትንሽ በትንሹ ይበደር፤ ምክንያቱ በሽታም ሆነ የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የምጣድ መግዣ ለውጥ የለውም። የሥራ አመራሩ አባላትም ተራ ገብተው ይበደሩ፤ ሌላው አባል እንዳያፍር መጀመሪያ እኛ እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ ደብተሩ በየወሩ በጉባኤ ይነበብ። ማን ወሰደ፣ ማን ከፈለ፣ ምን ቀረ ለሁሉም ይሰማ።

"ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የምትሉን እንዳላችሁ እናውቃለን። ተረቱ ለጎረቤት ጤፍ እውነት ነው። ይህ ግን የጎረቤት ጤፍ አይደለም፤ በየወሩ ከመቀነታችን ፈትተን ያኖርነው የራሳችን ነው። "ያልከፈለች እንደሆነስ?" የምትሉም አላችሁ፤ ጥያቄው ትክክል ነው። ስለዚህ ከትንሽ እንጀምር፣ የመጀመሪያውን ያልከፈለች ሁለተኛውን አትወስድም፣ ለስድስት ወር እንሞክረውና ውጤቱን በቁጥር እናቅርብላችሁ። ካልሠራ ወደ ድሮው መመለስ አይከብድም። የድሮው ግን እንዴት እንደሠራ ነግረናችኋል።

አንድ ነገር ብቻ እንጨምርና እንቀመጥ። ያ በድንጋዩ ላይ የተጻፈው ቃለ ጉባኤ እነሆ በእጃችን አለ፤ ጥጉ በሻይ ታጥቧል። ታላቃችን የመጀመሪያውን ክፍያ በገባን በአሥር ቀን፣ ሁለተኛውን ባለፈው ማክሰኞ ከፈለች። ደረሰኝ ቆርጠንላታል፣ ሒሳቡም ተዘግቷል። ሐሳባችን ካለፈ ከአዲሱ ፈንድ የመጀመሪያዋ ጠያቂ እሷ እንደምትሆን ነግራናለች፤ ምክንያቷን በስብሰባው ላይ ራሷ ትናገራለች።

 ድምፅ ለመስጠት ዝግጁ የሆናችሁ እጃችሁን አንሱ።